አባላት ራሳቸው የሚያሰናዱት ገጽና ብሎግ ያለው የማኅበር ድረ ገጽ አሠራር

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሩም፣ የሰፈር ልጆች ማኅበሩም፣ የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎችም የሚገናኙት በቴሌግራም ቡድን ነው። ለልቅሶና ለሠርግ ጥሪ፣ ለመዋጮ ማስታወሻ ይህ ይበቃል። «ኮምቦልቻ ላይ የልብስ ስፌት ማሽን የሚጠግን የእኛ ሰው አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ፣ ወይም ስለ ድሮው አራዳ የተጻፈ ጥሩ ጽሑፍ ከሦስት ወር በኋላ መልሶ ለሚፈልግ ግን አይሆንም፤ የተጻፈው ሁሉ በአዲስ መልእክት ተቀብሮ ይቀራል። እያንዳንዱ አባል ስሙን፣ ሥራውንና ፎቶውን የሚያኖርበት፣ ሲፈልግም የሚጽፍበት የራሱ ገጽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሚከተለው አሠራር ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራምና የአባላት ገጽ በሚጨምርለት፣ ባዲፕሬስ በሚባለው ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ላይ የቆመ ነው። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ፣ አማርኛንም በሚገባ ይቀበላሉ። ዎርድፕሬስን አንድ ጊዜ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ሊወጣው ይችላል። የሚያስቸግረው ፕለጊኑን መጫኑ ሳይሆን ምን መጠየቅ፣ ምን መፍቀድ፣ ምን መከልከል እንዳለበት መወሰኑ ነው።

መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ሰርቨር ላይ በቀጥታ መሥራት ጊዜ ይበላል። ላፕቶፕን እንደ ሰርቨር የሚያሠራውን ዛምፕን ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑና ድረ ገጹን እዚያው ጨርሱት፤ ወደ ሆስቲንጉ (ወደ ኪራዩ ሰርቨር) የሚዛወረው ሲያልቅ ነው። በዝውውሩ ጊዜ ሁለት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው ዳታቤዙ ነው፤ ሆስቲንጉ ላይ ያለው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ሳይሆን እንደ ላቲን1 ባለ የድሮ አመዘጋገብ ከተከፈተ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል። አንዴ «????» ሆኖ የተመዘገበ ጽሑፍ ደግሞ ዳታቤዙ ኋላ ቢስተካከልም አይመለስም፣ ፊደሉ ራሱ ጠፍቷልና። ስለዚህ ሙሉውን ከማዛወራችሁ በፊት አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አስገብታችሁ፣ አስቀምጣችሁ፣ መልሳችሁ ክፈቱት።

ሁለተኛው አድራሻው ነው። ዎርድፕሬስ ብዙ ቅንብሮችን የሚያስቀምጠው ከነባይት ብዛታቸው ነው። የዳታቤዙን ፋይል በኖትፓድ ከፍታችሁ የላፕቶፑን አድራሻ በአዲሱ ዶሜይን ከተካችሁ ብዛቱ ይፋለስና ዊጀቱም (የገጹ ትንንሽ ሳጥኖች) የቲሙ (የገጹ መልክ) ቅንብርም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ዝውውሩን በማዛወሪያ ፕለጊን ሥሩት፤ እሱ ቁጥሩንም አብሮ ያስተካክላል።

ለእያንዳንዱ አባል ሙሉ ሳይት አትክፈቱ

«እያንዳንዱ አባል የራሱ ብሎግ ይኑረው» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው መልቲሳይትን ነው፤ ለእያንዳንዱ አባል የተለየ ሳይት የሚከፍተውን የዎርድፕሬስ አሠራር። ይህ አሠራር ለአንድ ሳይት 10 ያህል ሰንጠረዥ ዳታቤዙ ውስጥ ይፈጥራል። 300 አባል ያለው ማኅበር 3,000 ሰንጠረዥ ተሸከመ ማለት ነው። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ባክአፑ እየተቋረጠ ያስቸግራል፣ ዕድሳቱም በየሳይቱ ይዞራል። አባላቱ የየራሳቸው ንዑስ ዶሜይን ይኑራቸው ከተባለ ደግሞ ዋይልድካርድ የሚባለው የዶሜይን ቅንብር ያስፈልጋል፤ ይህን የማይፈቅዱ ሆስቲንጎች አሉ።

የማኅበር አባል አብዛኛው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ አንድ ሳይት ክፈቱ፤ ለእያንዳንዱ አባል የፕሮፋይል ገጽ ስጡት፤ የጻፈው ሁሉ በራሱ ስም ሥር ተሰብስቦ የሚታይበት የጸሐፊ ገጽም ይኑረው። ለአንባቢው ይህ ራሱ ብሎግ ነው። መልቲሳይት የሚያስፈልገው የደሴው፣ የኮምቦልቻውና የአዲስ አበባው ቅርንጫፍ የየራሳቸው ዜናና አስተዳዳሪ ሲኖራቸው ነው። እንደዚያ ከሆነ ከመነሻው ወስኑ፦ ከአንድ ወር በላይ ሲሠራ በቆየ ሳይት ላይ መልቲሳይት ሲበራ ዎርድፕሬስ የሚሰጠው የንዑስ ዶሜይኑን ምርጫ ብቻ ነው፣ በንዑስ አድራሻ የሚሠራውን አያቀርብም።

ምን እንጠይቅ?

ባዲፕሬስን ከጫናችሁ በኋላ ‹ሴቲንግስ› ውስጥ ገብታችሁ ‹ኮምፖነንትስ› የሚለውን ክፈቱ። ኤክስቴንድድ ፕሮፋይልስ፣ አካውንት ሴቲንግስና ኖቲፊኬሽንስ ይብሩ። ጓደኝነት መጠየቂያውንና የግል መልእክቱን ለጊዜው ዝጓቸው። ድሮ የሚተዋወቅ ሰው «ጓደኛ ልሁንህ» ብሎ ጥያቄ መላኩ ለማኅበር አይስማማም፤ የግል መልእክቱም ማንም ሳያየው የሚሠራ አገልግሎት ስለሆነ ጠባቂ ሳይመደብለት መከፈት የለበትም።

ፊልዶቹ (አባሉ የሚሞላቸው ሳጥኖች) የሚሠሩት ‹ዩዘርስ› ውስጥ ‹ፕሮፋይል ፊልድስ› በሚለው ሥር ነው። የድረ ገጹ ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

የመጀመሪያው ፊልድ ስም ነው፣ ባዲፕሬስ ራሱ ያስቀምጠዋል። «ስምና የአባት ስም» በሉት። የአያት ስም ለብቻው ይሁን፤ ሁለት ሰይድ ሐሰን ሲኖሩ የሚለያቸው እሱ ነው። «የሚታወቁበት ስም» የሚል ፊልድም ጨምሩ፤ ሰፈር ውስጥ በመዝገብ ስሙ ሳይሆን በቅጽል ስሙ ብቻ የሚታወቅ ሰው ብዙ ነው፣ የድሮ ጓደኛውም የሚፈልገው በዚያው ነው። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር፣ ሐጂ፣ ሼህ፣ ቄስ የሚሉት ማዕረጎች ከስሙ ጋር እንዳይጻፉ የተለየ የምርጫ ፊልድ ይሰጣቸው። ካልሆነ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሲደረደር ሐጂዎቹ በአንድ ወገን፣ ዶክተሮቹ በሌላ ወገን ተሰልፈው ትክክለኛው ስም ይደበቃል።

ለሰፈር ዝርዝር አዘጋጁ፦ አራዳ፣ ፒያሳ፣ ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሙጋድ እያላችሁ፣ መጨረሻ ላይ «ሌላ» ጨምሩ። የቀበሌ ቁጥር አትጠይቁ፤ አከላለሉ በየዘመኑ ስለሚቀያየር የ60 ዓመቱ አባልና የ25 ዓመቱ አባል አንድ ሰፈር አድገው የተለያየ ቁጥር ይጽፋሉ። አሁን የሚኖሩበትን ለማወቅ አራት ምርጫ ይበቃል፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሌላ የኢትዮጵያ ከተማ፣ ውጭ አገር።

ትምህርት የጨረሱበት ዓመት ላይ ተጠንቀቁ። የባዲፕሬስ የቀን መምረጫ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው የሚሠራው፣ ጳጉሜንን አያውቅም። ባዶ የቁጥር ፊልድ ብታስቀምጡ ደግሞ ውጭ የሚኖረው 2008 ብሎ በፈረንጅ ይሞላል፣ ደሴ ያለው 2008 ብሎ በእኛ ይሞላል፤ ሁለቱ ግን ሰባትና ስምንት ዓመት ተራርቀው የተማሩ ናቸው። ፊልዱን ተቆልቋይ ምርጫ አድርጉት፣ ከስሙ አጠገብ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉ፣ የመጨረሻውም ዓመት ያለንበት ይሁን።

ሥራን በነጻ ጽሑፍ አታስሞሉ። አንዱ «አናጺ»፣ ሌላው «አናፂ»፣ ሦስተኛው «የእንጨት ሥራ» ይላል፤ አናጺ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ያጣቸዋል። 20 ወይም 25 የሥራ ዘርፎችን በምልክት ማድረጊያ ሳጥን አስቀምጡ፣ ዝርዝሩን ከአንድ መስመር ማብራሪያ ጋር አጣምሩት። ሌላም ምክንያት አለ፦ ባዲፕሬስ ‹ኦቶሊንክ› የሚባለው ምርጫ በበራለት ፊልድ ላይ የተጻፉ ቃላትን ወደ ፍለጋ ሊንክ ይቀይራል፣ ቃላቱን የሚለያቸውም በላቲኑ ኮማ ነው። የእኛን ነጠላ ሰረዝ ፣ አያውቃትም። «ሹፌር፣ መካኒክ» ብሎ የሞላ አባል ሁለቱ አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ አንድ ሥራ ይወጡበታል። «ስለ እኔ» የሚለው ፊልድ ላይ ደግሞ ይህን ሊንክ ጨርሶ አጥፉት፤ ምርጫው ፊልዱን ስታስተካክሉ በጎን ይገኛል።

ብሔርና ሃይማኖትን የሚጠይቅ ፊልድ አታስገቡ። ለዕድር መዋጮም፣ ለአናጺ ፍለጋም፣ የክፍል ጓደኛ ለማግኘትም አንዳቸውም አያስፈልጉም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም እነዚህን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይቆጥራቸዋል። የቤት ቁጥርና የልጆች ትምህርት ቤት ስምም እንደዚሁ ይቅር። የማትጠይቁት መረጃ ከእጃችሁ ወጥቶ ማንንም አይጎዳም።

ስልክ ግን ያስፈልጋል። በአንድ መልክ ብቻ እንዲመዘገብ አድርጉ፦ +251 ከዚያ ዘጠኝ አኃዝ። አባሉ በ09 ወይም በ07 ቢጀምርም ቅጹ ዜሮዋን አንስቶ እንዲቀይረው ይደረግ፣ ያለዚያ ውጭ ያለ አባል ተጭኖ መደወል አይችልም። የስልኩ ዕይታ «ለአባላት ብቻ» ይሁን፣ የሚፈልግ ደግሞ «ለእኔ ብቻ» ማድረግ ይችል። ይህ ምርጫ በእያንዳንዱ ፊልድ ጎን ‹ቪዚቢሊቲ› በሚል ይገኛል። ልብ በሉ፣ የስም ፊልዱ ብቻ ሁልጊዜ ለሁሉም ክፍት ነው። የአባላት ዝርዝር ለውጭ ሰው እንዳይታይ የምትፈልጉ ከሆነ ከባዲፕሬስ 12ኛ ዕትም ጀምሮ መላውን የማኅበር ክፍል ለአባላት ብቻ የሚያደርግ ምርጫ ተጨምሯል፣ እሱን አብሩት። የፍለጋ ሞተሮች እንዳይገቡ የሚለው የዎርድፕሬስ ምርጫ ልመና ነው እንጂ መቆለፊያ አይደለም።

በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ከአምስት ፊልድ በላይ አታውጡ። የቀረውን አባሉ ከገባ በኋላ ይሙላ። በስልክ የሚመዘገብ ሰው ረጅም ቅጽ ሲያይ መሐል ላይ ጥሎት ይሄዳል።

የተጠቃሚ ስም

ዎርድፕሬስ በምዝገባ ጊዜ የሚቀበለው የተጠቃሚ ስም በላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ በአማርኛ የጻፈ ሰው ምክንያቱ ሳይገባው ስሕተት ይመጣበታል። ይህን ከቅጹ በላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፣ ምሳሌም ስጡት። መልቲሳይት ከሆነ ደግሞ ትንንሽ የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ፣ ቢያንስ አራት ይሁን።

ከሁሉ በላይ ማንም ስልክ ቁጥሩን የተጠቃሚ ስም እንዳያደርግ። ብዙ ሰው እንዳይረሳው ብሎ እንዲህ ያደርጋል። የተጠቃሚ ስሙ ግን የገጹ አድራሻ ውስጥ ይገባል፤ ስልኩን «ለእኔ ብቻ» ብሎ የደበቀ አባል ቁጥሩ በገጹ ሊንክ ላይ በግልጽ ይወጣል። ኢሜይልም እንዲሁ ነው። ቅጹ ዘጠኝና ከዚያ በላይ ተከታታይ አኃዝ ያለበትን የተጠቃሚ ስም እንዳይቀበል አድርጉ።

ማሳመር እስከ የት?

አባላት ገጻቸውን እንደ ልባቸው እንዲያሳምሩ ሲፈለግ ቀላሉ መንገድ የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ (የገጽ አሠራርና መልክ ኮድ) ሳጥን መስጠት ይመስላል። አትስጡ። በ2005 እ.ኤ.አ. ማይስፔስ ላይ የሆነው ይበቃል፦ አባላት በገጻቸው ላይ ኮድ እንዲያስገቡ ይፈቀድ ስለነበር አንድ ወጣት የጻፈው ኮድ ገጹን ካየ ሰው ወደ ቀጣዩ እየተላለፈ አንድ ቀን ሳይሞላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አካውንት ውስጥ ገባ። ዎርድፕሬስ ለተራ አባል ያልተጣራ ኮድ የማይፈቅደው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው፤ ይህን ክልከላ የሚያነሳ ፕለጊን አትጫኑ።

በምትኩ ምርጫ ስጧቸው። ስድስት ቀለም፣ አንድ የራስጌ ፎቶ፣ አንድ መስመር መፈክር ወይም ተወዳጅ ስንኝ፣ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል የመቀያየር መብት (ስለ እኔ፣ ሥራ፣ ፎቶ፣ ጽሑፎቼ)፣ የማይፈልጉትን ክፍል የመደበቅ መብት። ይህ ጥቂት ይመስላል፣ ግን አራቱን ክፍሎች መደርደርና ስድስቱን ቀለሞች መምረጥ ብቻ 144 የተለያየ ገጽ ይሰጣል፤ ገጹን የራስ የሚያስመስለው ደግሞ ፎቶውና ጽሑፉ ነው።

ቀለሙ የሚሠራው እንዲህ ነው። «የገጽ ቀለም» የሚል ተቆልቋይ ፊልድ በፕሮፋይል ፊልድስ ውስጥ ፍጠሩ። ምርጫዎቹን በአገር ስም ሰይሟቸው፦ ጦሳ፣ ቦርከና፣ አደይ፣ ሌላም የወደዳችሁትን። በቲማችሁ ላይ የሚጨመር አጭር ኮድ የገጹ ባለቤት የመረጠውን ያነብና ለገጹ አንድ የሲኤስኤስ መለያ ስም (ክላስ) ይሰጠዋል። በሲኤስኤስ ፋይሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ክላስ አራት ቀለም ብቻ ይገለጻል፦ የጀርባ፣ የጽሑፍ፣ የሊንክና የአዝራር። ኮዱ ከስድስቱ ስሞች ውጭ የሆነ ነገር ከመጣለት ዝም ብሎ የመጀመሪያውን ቀለም ይውሰድ፤ ከአባሉ የመጣውን ቃል እንዳለ ገጹ ላይ አይለጥፍ። ይህችን ማጣሪያ መዝለል የኮድ ሳጥን ከመስጠት አይለይም። ቲሙን ራሱን አትንኩ፣ በላዩ የሚደረብ ቻይልድ ቲም ሥሩ፤ ያለዚያ በመጀመሪያው ዕድሳት ሥራችሁ ሁሉ ይጠፋል።

ቀለሞቹን ዓይን አይቶ ሳይሆን በመለኪያ ምረጡ። ጽሑፍና ጀርባ በብርሃናቸው ቢያንስ 4.5 ለ 1 መለያየት አለባቸው፣ ይህን የሚለኩ ነጻ መሣሪያዎች አሉ። ጦሳን #145214 ብትሉት ጥቁር አረንጓዴው በነጭ ላይ ከ9 በላይ ይሰጣል። ቦርከናን #104070 ብትሉት ከ10 ያልፋል። አስቸጋሪው አደይ ነው፦ ላፕቶፕ ላይ ደስ የሚለው #998800 በነጭ ላይ 3.6 ገደማ ስለሆነ ለጽሑፍ አይበቃም፣ ቀትር ላይ ፒያሳ መንገድ ዳር በስልክ የሚያነብ ሰው ምንም አያይም። ወደ #665500 አጥቁሩት፣ 7 ያልፋል፤ ደማቁን ቢጫ ለራስጌው መስመር አስቀሩት።

በራሱ የሚጀምር ሙዚቃና ቪዲዮ አትፍቀዱ። አባሉ አምባሰልን ወይም ባቲን ማሰማት ከፈለገ የሚጫን ቁልፍ ይኑረው፤ የጎብኚው ዳታ በገንዘብ የተገዛ ነው።

ፊደሉ

ለአማርኛ ጽሑፍ ከ16 ፒክስል በታች አትውረዱ፣ 17 ወይም 18 ይሻላል፤ ሲያንስ ሱና ሲ፣ ጨና ጬ መለየት ያቅታል። የመስመር ርቀቱ 1.7 ይሁን። ያጋደለ ጽሑፍ ለግዕዝ ፊደል አልተሠራም፣ ኮምፒውተሩ በግድ ሲያጋድለው ይበላሻል፤ ከቲሙ አጥፉት። በሁለት ጎን እኩል የተሰለፈ ጽሑፍም የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ በስልክ ላይ ሰፋፊ ክፍተት ይፈጥራል፣ በግራ ብቻ ይሰለፍ።

ከሰርቨር የሚወርድ ፎንት አያስፈልግም። አንድሮይድ ኖቶ ኢትዮፒክ፣ ዊንዶውስ ኤብሪማ (የድሮ ዕትሞቹ ናያላንም)፣ የአፕል መሣሪያዎች ከፋ የሚባለውን አብረው ይዘው ይመጣሉ። እነሱን በቅደም ተከተል ጥሩ። የግዕዝ ፎንት ፊደሉ ብዙ ስለሆነ ፋይሉም ከባድ ነው፣ ኔትወርኩ ሲደክም ገጹ ባዶ ሆኖ ይቆያል።

ፍለጋ የሚከሽፍበት ቦታ

ሐሰን፣ ሀሰን፣ ሃሰን ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሦስት ናቸው። በፊደል ተራ ሲደረደሩ ደግሞ ሀሰን መጀመሪያ ይመጣል፣ በለ የሚጀምሩት ሁሉ ይከተላሉ፣ ሐሰን ከእነሱ በኋላ ይገኛል። አባሉ ስሙን የጻፈበትን መንገድ አትቀይሩበት፣ ስሙ የእሱ ነው። ነገር ግን ለእያንዳንዱ አባል የማይታይ ሁለተኛ የስም ፊልድ ይኑር፤ ኮዱ ስሙን እዚያ ሲገለብጥ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሰባቱ ቤታቸው ይለውጥ። በሀና በአ ቤተሰብ ግዕዙና ራብዑም አንድ ይሁኑ። ፈላጊው የጻፈው ቃልም በዚያው ወንፊት አልፎ ከዚያ ፊልድ ጋር ይመሳከር፣ አደራደሩም በእሱ ይሁን።

ይህ የማይፈታው አለ። ሙሐመድና መሐመድ፣ ሰይድና ሰዒድ የሚለያዩት ድምፃቸው አንድ በሆነ ፊደሎች ብቻ ሳይሆን በአጻጻፍ ልማድ ነው። ለእነዚህ 15 ወይም 20 ስሞች የሚሆን አጭር የመተኪያ ሠንጠረዥ በእጅ ሥሩ። ወሎ ውስጥ ይህን የሚዘል የአባላት ዝርዝር ግማሹን ሰው ይደብቃል።

ብሎጉ

አዲስ አባል ‹ኮንትሪቢዩተር› ይሁን፦ ይጽፋል፣ ነገር ግን ኤዲተር ሳያየው አይወጣም። ሁለት ጽሑፍ ካለፈለት ወደ ‹ኦተር› ከፍ አድርጉት፣ ከዚያ የራሱን ራሱ ያወጣል። ኮንትሪቢዩተር ፎቶ መጫን አይፈቀድለትም፤ ይህን የማያውቅ አባል «ሳይቱ ተበላሽቷል» ይላል። የመብት ማስተካከያ ፕለጊን ተጠቅማችሁ ፎቶ የመጫን መብቷን ብቻ ጨምሩለት።

ፎቶም ቢሆን ሌላ ቦታ ይሰናከላል። ዎርድፕሬስ የሚሠራበት የፒኤችፒ ቋንቋ መነሻ ቅንብር ከ2 ሜጋባይት በላይ ፋይል አይቀበልም፣ የዛሬ ስልክ ፎቶ ግን 3ም 5ም ሜጋባይት ነው። የፋይሉን ጣሪያ ወደ 8፣ የጠቅላላውን የመላኪያ ጣሪያ ወደ 10 ከፍ አድርጉ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም። ዎርድፕሬስ ከ2560 ፒክስል የሚበልጥን ፎቶ አሳንሶ ያቀርባል፣ ግን ዋናውንም ሌሎች በርካታ መጠኖችንም ሰርቨሩ ላይ ያስቀራል። ቦታ ጠባብ ከሆነ ዋናውን የሚያጠፋ የምስል መጭመቂያ ፕለጊን ጫኑ።

የጽሑፉ አድራሻ ደግሞ የአማርኛ ድረ ገጽ የቆየ ሕመም ነው። ርእሱ በአማርኛ ሲሆን ዎርድፕሬስ አድራሻውንም በአማርኛ ይሠራዋል፤ አንድ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፣ ለአድራሻው የተፈቀደው ቦታ ደግሞ 200 ነው። ስለዚህ ከ22 ፊደል በላይ የሆነ ርእስ ይቆረጣል፤ በቴሌግራም ሲላክም የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የተደረደረበት የማይነበብ ጅራት ይሆናል። መፍትሔው በ‹ፐርማሊንክስ› ውስጥ ‹ኑሜሪክ› የሚለውን መምረጥ ነው። ሊንኩ በጽሑፉ ቁጥር ያበቃል፣ አጭር ነው፣ በስልክም ለሰው በቃል ይነገራል። ይህን ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት አድርጉት፤ ኋላ ከተቀየረ ድሮ የተላኩ ሊንኮች ሊሰበሩ ይችላሉ።

በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ «ቅሬታ አለኝ» የሚል ቁልፍ ይኑር፣ ለሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ይድረስ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲያየው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠይቃል። እናንተም ያንኑ 24 ሰዓት መለኪያችሁ አድርጉት። የተነሳውን ጽሑፍ አታጥፉት፣ ወደ ረቂቅ መልሱትና ለጸሐፊው ምክንያቱን ጻፉለት።

ምዝገባና መግቢያ

ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ «ማረጋገጫ ኢሜይሉ አልደረሰኝም» ነው። ሰርቨሩ በራሱ የሚልከው ኢሜይል ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ይገባል። ኤስኤምቲፒ በሚባል የኢሜይል መላኪያ ፕለጊን በኩል በእውነተኛ የኢሜይል አካውንት ላኩ፣ ኢሜይሉ ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጡትን የዶሜይኑን ኤስፒኤፍና ዲኪም መዝገቦች ሙሉ። ይህ እስኪስተካከል ድረስ አድሚኑ ‹ዩዘርስ› ውስጥ በእንጥልጥል ያሉ ምዝገባዎችን ከፍቶ በእጁ ማጽደቅ ይችላል። ኢሜይል የሌላቸው አባላት እንዳሉም አስቡ፤ ለእነሱ የዕድሩ ጸሐፊ ወይም ልጃቸው አብሮ ተቀምጦ ይክፈትላቸው፣ ፓስወርዱንም ራሳቸው ይምረጡ።

ምዝገባው በተከፈተ ማግስት ሮቦቶች ይመጣሉ። የፎቶ እንቆቅልሽ ለአባሎቻችሁ ይከብዳል፣ ዳታም ይበላል። አንድ የአማርኛ ጥያቄ ይሻላል፦ «ደሴን ከላይ የሚያየው ተራራ ስሙ ማን ነው?» መልሱን በአማርኛም በላቲንም ተቀበሉ። ከዚያም አድሚን ያጽድቅ፤ ከባዲፕሬስ 10ኛ ዕትም ጀምሮ የአባልነት ጥያቄን አይቶ መፍቀጃ አለው።

ባዶ ድረ ገጽ ማንንም አይጠራም። ለሁሉ ከመክፈታችሁ በፊት 20 ያህል አባላት ገጻቸውን ከነፎቶው ይሙሉ። የሚቀናው ስብሰባ ላይ ነው፦ ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ፎቶ አንሺ ስልክ፣ ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ። ለፕሮፋይል የሚያስፈልገው ፎቶ በባዲፕሬስ መነሻ ልክ 150 በ150 ፒክስል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ፊት ቀርቦ ይነሳ። ሙሉ ቁመት የተነሳ ሰው በዚያ መጠን አይታወቅም።

ሲሠራ የሚበላሸው

ፍጥነት ለመጨመር የገጾችን ቅጂ አስቀምጦ የሚያቀርብ የካሽ ፕለጊን ስትጭኑ የአባላት ገጾችንና የገቡ ሰዎችን ከካሹ አስወጡ። ካልወጡ አንዱ አባል ሲገባ የሌላውን ስም ከላይ ያያል፣ «ለአባላት ብቻ» የተባለ ስልክም ላልገባ ሰው ሊወጣ ይችላል። ከጫናችሁ በኋላ በሁለት ስልክ፣ በሁለት አካውንት፣ በሦስተኛውም ሳትገቡ አንዱን ገጽ ከፍታችሁ አወዳድሩ።

ባዲፕሬስን ከ12ኛው በፊት ከነበረ ዕትም ስታሳድጉ የድሮ ፕለጊኖች የአባላትን ገጽ ማግኘት ሊያቅታቸው ይችላል፣ የአድራሻው አሠራር ስለተቀየረ። ቢፒ ክላሲክ የሚባለው ፕለጊን የድሮውን ይመልሳል። ዕድሳትን ሁልጊዜ መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ባለው ቅጂ ሞክሩ።

አባል ሲለቅ አካውንቱን ስታጠፉ ዎርድፕሬስ ጽሑፎቹ ይጥፉ ወይስ ለሌላ ሰው ይዛወሩ ብሎ ይጠይቃል። ሳታነቡ ከተጫነ የዓመታት ጽሑፍ ይሄዳል። የለቀቀውን አባል ራሱን ጠይቁት፣ ይጥፋልኝ ካለ ይጥፋ። ያረፈ አባል ገጽ ግን አይነካ፤ ስልኩና ኢሜይሉ ይደበቁ፣ ፓስወርዱ ይቀየር፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ በፎቶው ሥር «ነፍስ ይማር» ወይም «አላህ ይዘንለት» እንደ እምነቱ ይጻፍ፣ ጽሑፎቹም በስሙ እንዳሉ ይቆዩ።

ባክአፕ በሳምንት አንዴ ይወሰድ፣ ሆስቲንጉ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ፣ አንድ ቅጂ በማኅበሩ ፍላሽ ላይ ይውረድ። ዶሜይኑና ሆስቲንጉ በአንድ ወጣት የግል ኢሜይል አይመዝገቡ፤ ልጁ ለሥራ ሌላ አገር ሲሄድ ማደሻ ማስታወቂያው ከእሱ ጋር ይሄዳል። ለማኅበሩ አንድ ኢሜይል ክፈቱ፣ ፓስወርዱ በሊቀመንበሩና በሒሳብ ሹሙ እጅ ይሁን፣ የማደሻው ቀንም ከዓመታዊ መዋጮው ጋር በዕድሩ መዝገብ ላይ ይጻፍ።